ያይሮፕላን መንገድ ርቀትና የሰዓት አቈጣጠር
በሐይቅና በአምባሰል ላሉ የመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገር የተነሣሁበት ነገር በአይሮፕላን የሚሄድበትን የሩቅ አገር መንገድ ስለ መለካትና ያ መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለ ማወቅ ነው። ይህ ነገር ላዲስ አበባ ሰው እንጂ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፣ ከዚህ ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል በጅዳ ወይም በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በአሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ የሌለው ሰው ስንት እንደ ሆነ ዘወር ብሎ ይመልከት። የአይሮፕላን ቲኬት ዛሬ በየገበሬው ቤት ይገባል፤ በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓትና ቀን በትክክል የሚያነብ ሰው ግን በየመንደሩ ጥቂት ነው። አንዲት ቁጥር ያላግባብ የተነበበች እንደ ሆነ በሬ የተሸጠበት፣ ብድር የተገባበት ገንዘብ ባንድ ሌሊት ይጠፋል። እንዴት እንደሚጠፋም ወደ ንግግሬ መጨረሻ በምሳሌ አሳያችኋለሁ፤ አስቀድሞ ግን የርቀቱን ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

አባቶቻችን መንገድን ይለኩ የነበረው በቀን ነው። «የሦስት ቀን መንገድ፣ የሳምንት መንገድ» ይሉ ነበር። ይህ መለኪያ የሚናቅ አይደለም፤ ዳገቱንና ቍልቍለቱን፣ የወንዙን ሙላትና የበቅሎውን ድካም ሁሉ አብሮ ይቈጥራልና። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተምሩ በነበረ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ባለው ዘመን ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የተነሣ መነኵሴ መንገዱን የሚቈጥረው በወራት ነበር። ለሐጅ የሚነሣውም የወሎ እስላም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ በእግሩ ወርዶ፣ በሸራ ጀልባ ተሻግሮ ነበር መካ የሚደርሰው። በዚያ ዘመን ርቀትና ጊዜ እንደ ጥንድ በሬ ባንድ ቀንበር የተጠመዱ ስለ ነበሩ አንዱን ያወቀ ሌላውን ያውቅ ነበር። ቀንበሩን የፈታው አይሮፕላን ነው።

የምድር መንገድና የአየር መንገድ ልዩነት ምን እንደ ሆነ ግን አምባሰል ላይ ላደገ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ማዶ ያለውን መንደር የተመለከተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማዶው ሰው ሲጣራ ድምፁ ወዲያው ይሰማል፤ ወደ እርሱ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደ ገና ዳገቱን መውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ድምፁ የመጣበት የአየር መንገድ ነው፤ እግር የሚሄድበት የምድር መንገድ ነው። ከኮምቦልቻ ማረፊያ እስካዲስ አበባ ቦሌ በአየር ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና መንገድ ግን 375 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በረራ ባለበት ቀን ያን መንገድ አይሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል ሲጨርሰው፣ ከሐይቅ የተነሣ አውቶቡስ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ደብረ ብርሃንን አልፎ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ይውላል።

አይሮፕላን ወዳገራችን መጀመሪያ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ባረፈ ጊዜ ነው። የደሴና የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን ስለ አይሮፕላን ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሱት፣ ከአባቶቻቸውም የሰሙት ሌላ ቀን ነው፤ ይኸውም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ የደበደቡበት ነው። የሩቅ መንገድን ማቅረቡ ለክፉም ለበጎም እንደ ሆነ ወሎ ቀድሞ ያወቀው በዚያ ነው። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ ካዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። የዚያን ጊዜው ዳኮታ የሚባለው አይሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር። የዛሬው ትልቁ አይሮፕላን ግን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል።

አሁን ወደ ጅዳ መንገድ እንምጣ፤ ከዚህ አገር ብዙ ሰው የሚሄድበት ነውና። ካዲስ አበባ እስከ ጅዳ በቀጥታ ሲለካ 1,410 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጅዳ ካዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከሞላ ጐደል በአንድ መስመር ላይ ትገኛለች። እንግዲህ መምህራን ካርታውን ዘርግታችሁ ይህን ነገር ለልጆቹ አሳዩአቸው፦ ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ይኸውም ከሚሄድበት አገር እየራቀ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ አይሮፕላን ሲገባ አይሮፕላኑ ፊቱን ወደ ሰሜን ይመልስና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው በወሎ ምድር ላይ በሐይቅ ትይዩ ይደርሳል። ሐይቅ ከዚያ ቀጥታ መስመር ወደ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ከዚህ ከሐይቅ እስከ ጅዳ ያለው ቀጥታ ርቀት 1,150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ሰውዬው ትናንት ማለዳ ከቤቱ ደጃፍ ሳለ ለጅዳ ከዛሬው ይልቅ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ሥቀውም አይረሱትም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይኸው ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚበቃው መንገድ በአፋር በረሓ፣ በጅቡቲ አገር በኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ለሚሄደው ልጅ የሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም የወራት መንገድ ነው፤ ስንቱም በጥማትና በባሕር እንደ ቀረ እናንተ ለቅሶ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። ርቀቱ በካርታ ላይ ሲታይ አጭር መሆኑ ብዙውን ወጣት አታሎታል።

ርቀትን እንዴት እንለካለን ያላችሁ እንደ ሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የምድር ሉል ያለው ከሆነ ከክር በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ክብ የሆነችውን ምድር እንደ ብርቱካን ልጣጭ ዘርግቶ ያሳየ ስለ ሆነ በሩቅ አገር ላይ ያሳስታል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ክሩን በሉሉ ወገብ ዙሪያ አዙሩና ለኩት፤ አንድ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ከዚያም ካዲስ አበባ እስከ ጅዳ ክሩን ወጥሩ፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ በ400 ሲባዛ 1,400። ካዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ብትወጥሩ ደግሞ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም 11,600 ነው። በሒሳብ ተጣርቶ ሲሠራ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ለክር ይህን ያህል መቅረብ የሚያስመሰግን ነው።

ክሩ የሚሄድበትን መንገድም ተመልከቱ። ዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ያለች ስለ ሆነች ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይመስለናል። እርሱ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ፣ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጀሪያን፣ እስፓኝን አልፎ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከዋሽንግተን ራሷ ይልቅ ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ እንደ ገና ወደ ደቡብ ይወርዳል። በክብ ነገር ላይ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። አይሮፕላን ግን ሁልጊዜ በክሩ ላይ አይሄድም፤ ነፋስም፣ የመንግሥታት ፈቃድም፣ ጦርነትም ያስዞረዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የዚያ አገር ሰማይ በተዘጋ ጊዜ ብዙ አይሮፕላን መንገዱን ለቆ ዞሮ መሄድ ግድ ሆኖበታል።

ከርቀቱ ጊዜውን ለማውጣት ለልጆች የሚበቃ አንድ ሒሳብ አለ። ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍሉ፤ በሚመጣው ላይ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ግማሽ ሰዓቱ የሚጨመረው አይሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንከባለልና ሽቅብ ሲወጣ፣ በመጨረሻም ሲወርድ የሚያጠፋው ጊዜ መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም ያው ስለ ሆነ ነው። ወደ ጅዳ 1,410 ለ850 ቢካፈል አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ወደ ሪያድ 1,965 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ወደ ቤይሩት 2,780 ያህል ነው፤ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ግን ቲኬቱ ከዚህ ጨምሮ ቢጽፍ አያስደንቅም።

ይህ ሒሳብ በዋሽንግተን ላይ ሲሠራ ግን 14 ሰዓት ያመጣል፤ ከዋሽንግተን ወዳዲስ አበባ የሚመጣው አይሮፕላን ግን በ13 ሰዓት ያህል ይደርሳል። የቀረው አንድ ሰዓት ወዴት ሄደ? ነፋስ ነው የወሰደው። ከምድር ወገብ ርቆ ባለው ከፍተኛ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ወደ ምሥራቅ የሚመጣውን ይገፋዋል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ይገታዋል። ሐይቁን በታንኳ የሚሻገር ሰው ነፋስ በጀርባው ሲሆንና ፊት ለፊት ሲመጣበት ያለውን ልዩነት ያውቃል።

ወደ ምዕራብ በሚሄደው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ እርሱም ያገራችን ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ የአይሮፕላኑ ክንፍ የሚደገፍበትን ያጣል፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ካዲስ አበባ መነሣት ስለሚከብደው ለብዙ ዓመት ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በመንገድ ላይ፣ ለምሳሌ በአይርላንድ በደብሊን፣ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። በመልሱ ግን ዋሽንግተን በዝቅተኛ ምድር ላይ ያለች ስለ ሆነች ሳያርፍ ይመጣል። ዳገት ላይ የምትነሣ በቅሎ ጭነቷ እንደሚቀነስላት መሆኑ ነው።

አንዳንድ ጐበዝ ተማሪ «ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነ አይሮፕላኑ ሰማይ ላይ ቆሞ አሜሪካ ከሥሩ እስክትመጣ ለምን አይጠብቅም?» ብሎ ይጠይቃችሁ ይሆናል። አትቈጡት፤ ጥያቄው የሊቅ ጥያቄ ነው። መልሱ አየሩም ከምድር ጋራ አብሮ ይዞራል የሚል ነው። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ያለች ዝንብ ወደ ኋለኛው መስኮት እንደማትጋጭ አስታውሱት።

የምድር መዞር የሚለውጠው የሰዓቱን ቍጥር ነው። ምድር 360 ዲግሪውን በ24 ሰዓት ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። ካዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው በምሥራቅና በምዕራብ የሚለካው ልዩነት 116 ዲግሪ ያህል ነው፤ ለ15 ሲካፈል ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ይቀረዋል። ስለዚህ ከዋሽንግተን ሰዓት የኛ በስምንት ሰዓት ይቀድማል። አሜሪካኖች ግን በማርች ወር ሰዓታቸውን በአንድ ወደ ፊት ገፍተው በኖቬምበር ስለሚመልሱት በመካከሉ ባሉት ወራት ልዩነቱ ሰባት ይሆናል። እኛም ሳውዲዎችም ሰዓታችንን እንዲህ አንለውጥም። ጅዳ ደግሞ ከኛ በስተ ሰሜን እንጂ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ስላልሆነች ቀትር በሁለቱ ከተማ ባንድ ጊዜ ይሆናል፤ የሁለቱም ሰዓት አንድ ነው።

እንበል፣ በሐምሌ ወር ሰኞ ከጧቱ 5 ሰዓት በዋሽንግተን ሰዓት የተነሣ አይሮፕላን 13 ሰዓት በርሮ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነው፤ በኛ ግን ሰባት ሰዓት ስለሚጨመር ማክሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ይሆናል። በቲኬቱ ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ስለሚጻፍ ሁለቱን ያቀናነሰ ሰው መንገዱ 20 ሰዓት የፈጀ ይመስለዋል። ሰባቱ ሰዓት የመንገድ አይደለም፤ የፀሐይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃሌ ልመለስ። በጅዳ ቲኬት ላይ የአገር ልዩነት ስለሌለ ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚጠፋው ግን በርሱ ነው። ምክንያቱም ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቈጣጠር ሲሆን፣ የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ የኛ ግን በልማድ ሲነጋ ነው። ሰዓቱን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ከ6 እስከ 18 ያለው ቍጥር 6 ይቀነስለታል፤ ከ18 በላይ ያለው 18 ይቀነስለታል፤ ከ6 በታች ያለው 6 ይጨመርበታል። 14:00 የተባለው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 20:15 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነው፤ 01:30 ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ብዙ ተማሪ ያውቃል። የሚሳሳተው በቀኑ ነው።

አንዲት ልጅ «ማክሰኞ ሜይ 12፣ 01:30» የሚል ቲኬት መጣላት እንበል። ወንድሟ ተማሪ ነውና ሰዓቱን በትክክል ገልብጦ «ማክሰኞ ግንቦት 4 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል» ብሎ ለአባቱ ያነባል። አባትየው የማክሰኞ ሌሊት ሲባል የሚገባቸው ማክሰኞ ውሎ ከመሸ በኋላ ያለው ሌሊት ነው፤ በአማርኛ ደንብ ልክ ናቸው። ስለዚህ ቤተ ዘመዱ ሰኞ ማለዳ ከሐይቅ ይነሣል፤ ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገብቶ ከዘመድ ቤት ያድራል፤ ማክሰኞ ሲመሽ ተመራርቆና ተላቅሶ ቦሌ ይደርሳል። አይሮፕላኑ ግን ካለፈው ሌሊት ጀምሮ ጅዳ ነው። በቲኬቱ የተጻፈው ሌሊት ሰኞ መሽቶ ለማክሰኞ አጥቢያ ያለው ነበር። ባንድ ከተማ እያሉ፣ ቦሌም በአቅራቢያቸው ሳለ፣ ተኝተው አመለጣቸው።

ለዚህ ነገር አዲስ ቃል መፈለግ አያስፈልገንም፤ «አጥቢያ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ይበቃዋል። መምህራን ሆይ፣ ቲኬት ይዞ የሚመጣ ሰው ቢጠይቃችሁ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ያለውን ሰዓት የቀን ስም ብቻ ሰጥታችሁ አትስደዱት። «ሰኞ መሽቶ፣ ለማክሰኞ ግንቦት 4 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ በወረቀት ጻፉለት፤ ከሥሩም በቦሌ የሚገኝበትን ሰዓት ጨምሩለት፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ አለበትና። ይኸውም ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። አውቶቡስ ሰኞ ማለዳ ከሐይቅ ቢነሣ ማታ ይደርሳል፤ ነገር ግን ጎማ ቢፈነዳ ወይም መንገድ ቢዘጋ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ስለዚህ መነሻውን እሑድ ማለዳ ብላችሁ ጻፉለት። በሐምሌና በነሐሴ የሆነ እንደ ሆነ ግን የጣርማ በር ጉም መኪናውን ስለሚያዘገየው ቅዳሜ ይነሣ።